«የቀለም ኅትመት» ሲባል፦ በፎቶግራፍ ማተሚያ ወረቀቶች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ ከየሥራው ጎን የምትለጠፈው ትንሽ የመግለጫ ካርድ ለተርጓሚ ቀላል ሥራ መስላ ትታያለች። የባለሙያው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ዓመቱ፣ ቁመቱና ወርዱ፣ በመጨረሻም ፎቶግራፉ በምን እንደታተመ የሚገልጽ አንድ ሐረግ ናቸው። ችግሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ሐረግ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ካርዶች ላይ ዛሬ በብዛት የሚነበበው «አርካይቫል ፒግመንት ፕሪንት» የሚለው ነው። አንድ ተርጓሚ ይህን ሐረግ ቃል በቃል ቢመልሰው «ቤተ መዛግብታዊ የቀለም ኅትመት» ይወጣዋል። ከካርዱ በላይ የተሰቀለው ሥራ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ተመልካቹ ካርዱን አንብቦ ቀና ሲል «የቀለሙ ታዲያ የት አለ?» ቢል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በአማርኛ «የቀለም ፎቶግራፍ» ማለት ጥቁርና ነጭ ያልሆነ፣ ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ የሚታይበት ፎቶግራፍ ማለት ነውና።

ነገሩ በፈገግታ የሚታለፍ ቢመስልም ከበስተኋላው የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። ያቺ ሐረግ ለገዢ የውል ቃል ናት፤ ለንብረት መዝጋቢ የዕቃው መለያ ናት፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሥራውን ለሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ የመጀመሪያዋ መረጃ ናት። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በቀለም ረጪ አታሚ ለሚታተሙ ፎቶግራፎች ስለሚመረጡት ወረቀቶች የሚነገሩትን ቃላት እየመረመርን፣ የትኛው ቃል ዕቃውን እንደሚገልጽና የትኛው የሻጩን ምኞት ብቻ እንደሚናገር ለመለየት እንሞክራለን። ወቀሳችን በቅድሚያ የሚያርፈው በአማርኛ ተርጓሚዎች ላይ ሳይሆን በምንጩ ቋንቋ ላይ መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ከምንጩ እንጀምር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግራሃም ናሽ ያቋቋመው ናሽ ኤዲሽንስ የተባለ የኅትመት ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በአይሪስ ቀለም ረጪ አታሚ የጥበብ ሥራዎችን ማተም ሲጀምር፣ አታሚው ቀድሞ ለማተሚያ ቤቶች የማረሚያ ናሙና እንዲያወጣ የተሠራ መሣሪያ ነበር። «ኢንክጄት» የሚለው ስም የቢሮ ሽታ ስላለው፣ በዚያው ቤት ይሠራ የነበረው ጃክ ዱጋን «ዢክሌ» የሚለውን ቃል አበጀ። የፈረንሳይኛው ግሥ ትርጉም ፈሳሽ ነገር ተስፈንጥሮ መውጣቱን የሚያመለክት ነው፤ በአማርኛ «ፍንጣቂ» ብንለው ከመነሻው እምብዛም አንርቅም። ቃሉ ግን የተፈለገው ለትርጉሙ አልነበረም፤ የተፈለገው ባዕድ ድምፁ ነው። የዚያን ዘመን ዢክሌዎች የታተሙባቸው ቀለሞች ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ስለነበሩ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈዘዙ። ስሙ ግን አልፈዘዘም፤ በፍጹም የተለየ ቀለምና ወረቀት ላላቸው የኋላ ዘመን ኅትመቶችም ተላልፎ ቀረ። ከዚህ የተነሣ «ዢክሌ» የሚለው ቃል ዛሬ ስለ ወረቀቱም ሆነ ስለ ቀለሙ አንዳች ነገር አይነግረንም። ወደ አማርኛ በውሰት ይግባ ለሚሉት መልሳችን አይግባ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን «ቀለም» እንመለስ። ቃሉ በአማርኛ የተሸከመው ጭነት ከባድ ነው። የጽሕፈት ቀለም አለ፤ የግድግዳ ቀለም አለ፤ የነገር መልክ ማለትም ቀይነቱ ወይም ቢጫነቱ ቀለም ይባላል፤ ትምህርትም ቀለም ነው፤ በግእዝ ቅኔ ደግሞ የቤት መለኪያ ነው። የአንድ ቃል ፍቺ መብዛት በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ዐውዱ ይለየዋል። በኅትመት ሙያ ውስጥ ግን ዐውዱ ራሱ ሁለቱን፣ ማለትም የሚታየውን መልክና መልኩን የሚሰጠውን ቁስ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኛቸዋል። በዚህ ላይ የቁሱ ዐይነት ሁለት ነው። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ እንደ ስኳር የሚጠፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳይሟሟ በጣም በደቀቀ ቅንጣት መልክ ተንሳፍፎ የሚቆይ ነው። የመጀመሪያው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፤ መልኩ ብዙውን ጊዜ የደመቀ ነው፤ ብርሃንና አየር ግን ይበረቱበታል። ሁለተኛው ከወረቀቱ ገጽ አካባቢ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት የብዙ ሞለኪውሎች ጥርቅም ስለሆነም የላዩ ቢጎዳ የውስጡ ስለሚተርፍ ዕድሜው ረጅም ነው።

ይህን ልዩነት የሀገራችን ጸሐፍት በእጃቸው ያውቁት ነበር። የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለም በዋነኛነት ከጥላሸት የሚዘጋጅ ነውና ቀለሙ ቅንጣት ነው። ከብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ብራናውን አይነክረውም፤ ስለዚህም የተሳሳተ ፊደል በስለት ተፍቆ ይነሣል፣ ያልተፋቀው ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ይነበባል። የዛሬው አታሚ ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ያው ካርቦን ነው። ስለዚህ የምናቀርበው ስያሜ ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው፦ የመጀመሪያው «ሟሚ ቀለም»፣ ሁለተኛው «ቅንጣት ቀለም» ይባል። «ዱቄት ቀለም» የሚለውን ያልመረጥነው በሌዘር አታሚ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ዱቄት ስላለና ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። «ንክር ቀለም» የሚለውም ከልብስ ማቅለም ጋር የተያያዘ በመሆኑ አልተመቸንም፤ አታሚው ይረጫል እንጂ አይነክርም። በዚህ መሠረት የካርዷ ሐረግ «የቅንጣት ቀለም ኅትመት» ትሆናለች። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሥር ብትለጠፍም ተመልካችን አታደናግርም።

አሁንም «አርካይቫል» የሚለው ቀርቷል። የዚህ ቃል ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው።

«አርካይቫል» በንግድ ማሸጊያ ላይ ሲጻፍ አስገዳጅ ፍቺ የለውም። አምራች ሁሉ በፈለገው ወረቀት ላይ ሊጽፈው ይችላል። «የቤተ መዛግብት» ብለን ስንተረጉመው ደግሞ ከምንጩ ይልቅ እናብሰዋለን፤ ምክንያቱም በአማርኛ «የቤተ መዛግብት ወረቀት» ሲባል ቤተ መዛግብቱ መርምሮ ያጸደቀው፣ ወይም ለራሱ ሥራ የሚጠቀምበት ወረቀት ይመስላል። እንግሊዝኛው ቅጽል የሚያቀርበው ግርድፍ ተስፋ በእኛ ዘርፍ አያያዥ ተቋማዊ ምስክርነት ይሆናል።

ስለዚህ ጉዳይ የተሻለ የቃል አጠቃቀም የምናገኘው ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሰነዶች ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው አይሶ 9706 የተሰኘው ደረጃ ለሰነድ የሚሆን ዘላቂ ወረቀትን ይወስናል። የወረቀቱ የውሃ ጭማቂ ፒኤች ከ7.5 እስከ 10 መሆን አለበት፤ አሲድን የሚያረክስ ተጠባባቂ ክምችቱ ቢያንስ ከ2 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት፤ ወረቀትን ቢጫ የሚያደርገው ሊግኒን መጠኑ በእጅጉ ዝቅ ያለ፣ ለመቀደድም የሚያሳየው ተቃውሞ ከተወሰነ ልክ ያላነሰ መሆን አለበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው አይሶ 11108 ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ይጨምራል፦ ወረቀቱ በዋናነት ከጥጥ፣ ከተልባ እግር ወይም ከሄምፕ ጭረት የተሠራና ብዙ ጊዜ ቢታጠፍ የማይበጠስ እንዲሆን ይጠይቃል። የመጀመሪያው በመደርደሪያ ተቀምጦ በራሱ የማይበላሸውን ወረቀት ይገልጻል፤ ሁለተኛው በዚህ ላይ ተደጋግሞ ቢያዝም የማይጎዳውን። እንግዲህ በአማርኛ ሁለት ቃላት ያስፈልጉናል ማለት ነው። ለመጀመሪያው «ዘላቂ»፣ ለሁለተኛው «ዘላቂና ጽኑ» ብንል የቃሎቹ መንፈስ ይስማማል፤ ዘላቂነት በጊዜ፣ ጽናት በፈተና ይለካልና። ተርጓሚ «አርካይቫል» የሚል ቃል ሲያጋጥመው አምራቹ ከሁለቱ ደረጃዎች አንዱን ጠቅሶ እንደሆነ ያጣራ። ጠቅሶ ከሆነ የደረጃውን ቁጥር ይጻፍ፤ ካልጠቀሰ ቃሉን ይተወው። መተውም የትርጉም አንድ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ ሁለቱም ደረጃዎች የሚናገሩት ስለ ባዶው ወረቀት እንጂ በላዩ ስለሚያርፈው ምስል አለመሆኑ ነው። ዘላቂ ወረቀት ላይ ሟሚ ቀለም ቢረጭ ወረቀቱ ይቆያል፤ ምስሉ ይሄዳል።

«አሲድ የለሽ» የሚለው ስያሜም እንዲሁ ከሚገባው በላይ ይታመናል። የሚመሰክረው ወረቀቱ ከፋብሪካ ሲወጣ አሲዳማ አለመሆኑን ብቻ ነው። ሊግኒን ያልተወገደለት የእንጨት ወረቀት እንኳ ካልሲየም ካርቦኔት ታክሎበት ለጊዜው ይህን ስም ሊያገኝ ይችላል። ስለ ቃሉ አመሠራረት ግን አንድ አስተያየት አለን። አንዳንዶች «ከአሲድ ነጻ» ይላሉ፤ ይህ «ከቀረጥ ነጻ» እንደማለት ዕዳ የተሰረዘለት ያስመስላል። «አሲድ አልባ» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን «ቤት አልባ»፣ «ወላጅ አልባ» በሚሉት ውስጥ እንደምናየው «አልባ» የሚፈለግ ነገር መጉደሉን ያመለክታል። «ቢስ» ከዚህም ይብሳል። «የለሽ» ግን «እንከን የለሽ» በሚለው ውስጥ እንዳለው የማይፈለገው ነገር አለመኖሩን በበጎ ይናገራልና እርሱን መርጠናል።

ወደ ወረቀቱ አካል ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው «ራግ» ይላል። በፊደሉ ብንሄድ «ቡትቶ» ነው፤ «የቡትቶ ወረቀት» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ቢገኝ ገዢ አይገኝለትም። ቃሉ ታሪካዊ እውነት አለው። የአውሮፓ ወረቀት ሠሪዎች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወረቀት ይሠሩ የነበረው ከተሰበሰበ የተልባ እግርና የጥጥ እራፊ ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1584 በጀርመን የተመሠረተውና ዛሬም ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች ወረቀት የሚያቀርበው ሃነሙለ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ዛሬ ግን በአብዛኛው እራፊ የለም። የሚሠራበት ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ ከፍሬው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው አጭር ጭረት ነው። የጥጥን ነገር በተመለከተ አማርኛ ድኻ አይደለም። መዳመጥ፣ መንደፍ፣ ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ ፈትል፣ ድርና ማግ እያለ ከፍሬ እስከ ጋቢ ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ በየስሙ ይጠራል። ፍሬውን ከጥጡ ስትለይ ያየች ማንኛዋም ሴት በፍሬው ላይ የምትቀረውን ነጭ ጸጉር ታውቃታለች። ስለዚህ «የጥጥ ወረቀት» በቂ ነው፤ ተጨማሪ ዝርዝር የሚያስፈልገው «ከፍሬ ቀሪ ጥጥ የተሠራ» ብሎ ያክል። የአንድ አምራች የንግድ ስም ውስጥ «ራግ» የሚል ቃል ካለ ግን የንግድ ስም ነውና በድምፁ ይጻፍ፤ የሃነሙለው «ፎቶ ራግ» ፎቶ ራግ ነው።

ከእንጨት የሚሠራው ደግሞ ሊግኒኑ በኬሚካል ከወጣለት «ንጹሕ የእንጨት ሴሉሎስ» ይባላል። ይህን ከጥጡ በታች የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ አግባብ ግን አይመስለንም። በሚገባ የተጣራ የእንጨት ሴሉሎስ የዘላቂነቱን ደረጃ ያሟላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ክፉ ስም ያተረፈው ሳይጣራ በሚፈጨው በጋዜጣ ወረቀት ምክንያት ነው። ሦስተኛው መሠረት ወረቀቱ ከላይና ከታች በፖሊኤትሊን የተሸፈነበት ነው፤ «ብረት ለበስ» እንደምንለው «ፕላስቲክ ለበስ ወረቀት» ብንለው ማንም ይረዳዋል።

ክብር ፍለጋ አንዳንዴ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ወፍራሙን የጥጥ ወረቀት «ብራና» እንበለው የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምተናል። ሐሳቡ ባዕድም አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የወረቀት ገበያ ውስጥ ቆዳ ፈጽሞ ያልነካው ወረቀት የብራና ስም ተሰጥቶት ይሸጣል። ነገር ግን ብራና ቆዳ ነው። ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ የሚዘጋጅ፣ የጸጉሩ ወገንና የሥጋው ወገን የሚለይበት ሕያው ዕቃ ነው። ዛሬም ብራና እየፋቁ የሚጽፉ ሰዎች ባሉበት ሀገር ስሙን ለሌላ ዕቃ ማከራየት ለማንም አይበጅም። ከዚህ ጋር በተያያዘ «የሥነ ጥበብ ወረቀት» የሚለው መጠሪያም አያረካንም። ወረቀቱ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ምን ሊሆንበት እንደታሰበ ይናገራል። በ80 ግራም የቢሮ ወረቀት ላይ የታላቅ ባለሙያ ንድፍ ቢገኝ ወረቀቱ የሥነ ጥበብ ወረቀት ይሆን?

ሁለተኛው ጥያቄ በመሠረቱ ላይ ምን ተቀብቷል የሚለው ነው። ጥሩው የጥጥ ወረቀት እንኳ በባዶው ቢታተምበት ቀለሙን እንደ ምጣጭ ይጠጣዋል፤ ጠርዙ ይስፋፋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙን ይዞ ከገጹ አጠገብ የሚያቆየው ስስ ሽፋን ይደረግበታል። ለዚህ ሽፋን ሦስት ቃላት ተወዳድረውብናል። «ቅብ» የሚለው «ዘይት ቅብ» ተብሎ ለሥዕል ስለተያዘ፣ በዐውደ ርእይ ካርድ ላይ ሲገኝ ሥራው ሥዕል ያስመስላል። «ልብጥ» «ወርቅ ልብጥ» እንደሚባለው ርካሹን በውድ መሸፈንን ያመለክታል፤ ከሥሩም «የለበጣ ሳቅ» ስላለ መልካም ዘመድ የለውም። ሦስተኛው «ልስን» ነው። ግድግዳ ከተመረገ በኋላ ይለሰናል፤ ልስኑ ኖራውን ወይም ቀለሙን የሚቀበል ገጽ ነው። ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ይሆናል፣ ግን ግድግዳው አይደለም። የወረቀቱ ሽፋንም ሥራው ይኸው ስለሆነ «ቀለም ተቀባይ ልስን»፣ በአጭሩ «ልስን» ብለነዋል።

ልስን ሁለት ዐይነት ነው፤ ልዩነቱም ቃል የሚገባው ነው። አንዱ ቀለሙን ሲቀበል አብጦ የሚውጠውና መልሶ የሚዘጋበት ነው። ሌላው በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉትና ቀለሙን በቅጽበት መጥጦ የሚደርቀው ነው። ሁለተኛው ለአታሚው ምቹ ነው፤ ቀዳዳው ግን አየርንም ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 በገበያ ላይ የዋሉ ሟሚ ቀለም ያላቸው አታሚዎች ባለ ቀዳዳ ልስን ባለው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያተሟቸው ፎቶግራፎች በአየር ውስጥ ባለ ኦዞን ምክንያት ሰማያዊ ወገናቸውን እያጡ በአጭር ጊዜ ወደ ብርቱካን መልክ ሲዞሩ ታይቷል። በማሸጊያው ላይ የሰፈረው የብርሃን መቋቋም ተስፋ ውሸት አልነበረም፤ ስለ አየር ግን ምንም አላለም። «አባጭ ልስን» እና «ባለ ቀዳዳ ልስን» ብለን ብንለያቸው አንባቢ ቢያንስ ለመጠየቅ መነሻ ያገኛል።

«ባሪታ» የሚለው ቃል ከልስን ጋር ይያያዛል። ምንጩ «ከባድ» የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በጨለማ ክፍል በሚሠራው የብር ፎቶግራፍ ወረቀት ላይ፣ በወረቀቱና ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን መካከል የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ ይደረግ ነበር፤ ለወረቀቱ ንጣትና ልስላሴ የሚሰጠው እርሱ ነው። በቀለም ረጪው ዘመን ይህን ስም ከያዙት ወረቀቶች አንዳንዶቹ በእርግጥ ባሪየም ሰልፌት አላቸው፤ ሌሎች ግን የድሮውን ወረቀት መልክ ስለሚመስሉ ብቻ ተጠርተውበታል። ቃሉን በውሰት እንቀበላለን፤ ነገር ግን ማዕድኑ ላለበት ብቻ። ለሌለበት «ባሪታ መሰል» ይበቃዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የገጹ ነገር ነው፤ በዚህ ረገድ በፎቶ ቤቶች የሚሰማው «ማት» እና «ግሎሲ» ነው። «ግሎሲ» ለሚለው «አንጸባራቂ» ብሎ መመለስ አያስቸግርም። «ማት» ግን ተርጓሚን የሚያሰናክል ቃል ነው። «ደብዛዛ» የሚለው ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ሆኖም ደብዛዛ ማለት የማይለይ፣ ጥራት ያጣ ማለት ስለሆነ፣ «ደብዛዛ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ» ሲባል ፎቶግራፉ ራሱ የደበዘዘ ይመስላል። «ፈዛዛ» ከዚህ የባሰ ነው። ዕቃው ግን ጉድለት የለበትም፤ ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ከመመለስ ይልቅ በየአቅጣጫው ይበትናል እንጂ። ስለዚህ «ብርሃን በታኝ ገጽ» የሚለውን ለሙያ ጽሑፍ፣ «የማያንጸባርቅ» የሚለውን ለተራው አንባቢ እናቀርባለን። ፎቶ ቤት ውስጥ «ማት» የሚለውን ሰው ማረም የእኛ ተግባር አይደለም። ሕዝቡ እኮ የጨለማ ክፍሉ ከቀረ በኋላም «ፎቶ አሳጠብሁ» ይላል፤ ቀለም ረጪው አታሚ ከውሃ ጋር ጠላት መሆኑ ንግግሩን አላገደውም፣ ሊያግደውም አይገባም።

በአንጸባራቂውና በብርሃን በታኙ መካከል ያለው ምርጫ የጣዕም ብቻ አይደለም። የጥቁር ጥልቀት በሚለካበት ልከት በታኙ ገጽ ላይ በአብዛኛው 1.6 ወይም 1.7 ሲደረስ በአንጸባራቂው ላይ ከ2.2 ይታለፋል። ቁጥሩ ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ 1.7 ማለት ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ይመልሳል ማለት ሲሆን፣ 2.3 ማለት ግማሽ በመቶ ብቻ ይመልሳል ማለት ነው። በጧፍ ብርሃን የተነሣ የማኅሌት ፎቶግራፍ፣ ነጠላው ብቻ ነጭ ሆኖ ሌላው ሁሉ ጨለማ የሆነበት፣ በአንጸባራቂው ላይ ጨለማው ጥልቅ ይሆናል፤ በበታኙ ላይ ጨለማው ወደ ጥቀርሻ ግድግዳ ያዘነብላል፣ ነጠላው ግን የጨርቅ ለዛ ያገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንድ ዐይነት ሥራ ግን አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ የስም ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ የፎቶግራፍ አታሚዎች ሁለት ጥቁር ቀለም ይይዛሉ፤ አንዱ «ፎቶ ብላክ»፣ ሌላው «ማት ብላክ» ይባላል። «የፎቶ ጥቁር» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ለማንኛውም ፎቶግራፍ ይህን ይምረጥ ብሎ መከረው ማለት ነው። ብርሃን በታኝ በሆነው የጥጥ ወረቀት ላይ ግን ይህ ጥቁር ደካማ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው በተራው በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ቢረጭ አይያዝም፣ በጣት ይነሣል። ስለሆነም መለያው ሥራው ሳይሆን ገጹ ነውና «የአንጸባራቂ ገጽ ጥቁር» እና «የበታኝ ገጽ ጥቁር» ይባሉ።

«ሆት ፕሬስ» በሚለውም ላይ እንዲሁ መጠንቀቅ ያሻል። ቃሉ ከውሃ ቀለም ወረቀት የመጣ ነው፤ ወረቀቱ በፋብሪካው በጋለ መጫኛ መካከል አልፎ መለስለሱን ይናገራል። «ፕሬስ» ሲባል ማተሚያ ቤት የሚታየው ተርጓሚ «ለትኩስ ማተሚያ የሚሆን ወረቀት» ቢለው፣ ያንን አምኖ ወረቀቱን በጋለ ብረት የሚያስነካ ሰው አይጠፋም። «ለስላሳ ገጽ»፣ ተቃራኒው «ሻካራ ገጽ» ነው፤ ሌላ አያስፈልግም።

ስለ ክብደት አጭር ነገር እንበል። ወረቀት የሚለካው በካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። 16 የኤ4 ቅጠሎች አንድ ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ ስለዚህ የ80 ግራም የቢሮ ወረቀት አንድ ቅጠሉ 5 ግራም ሲመዝን፣ 308 ግራም የሆነው የጥጥ ወረቀት ከ19 ግራም በላይ ይመዝናል። ይህ ክብደት እንጂ ውፍረት አይደለም። ባሪየም የተጫነበት ወረቀት ስስ ሆኖ ሊከብድ ይችላል። «ወፍራም» እና «ከባድ» የሚሉትን እያቀያየሩ መጻፍ ይቅር።

ንጣት የመጨረሻው ፈተና ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ቃላት አሉት፤ አንዱ በሰማያዊው ብርሃን ክልል ብቻ የሚለካ፣ ሌላው በሚታየው ብርሃን ሁሉ የሚለካ። በሁለተኛው ልከት ፍጹም ነጭ የሆነ ነገር 100 ሲሆን፣ በገበያ ላይ ከ100 የሚያልፍ ወረቀት ይገኛል። ምሥጢሩ በልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥም ያለው ቅመም ነው፤ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል። ይህን ቅመም «ንጣት ጨማሪ» ብለነዋል። ጊዜ ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል፤ አልትራቫዮሌትን በሚያጣራ መስታወት ሥር ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሠራም። ስለዚህ ፎቶግራፉ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ አንድ፣ በዐውደ ርእዩ ግድግዳ ላይ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ንጣት ጨማሪ የሌለበትን ወረቀት እንግሊዝኛው «ናቹራል ኋይት» ይለዋል። «የተፈጥሮ ነጭ» ብንለው ምን ዐይነት እንደሆነ አይታይም። አማርኛ ግን «ቡላ» የሚል የመልክ ስም አለው። «ቡላማ ነጭ» ያለ ሰው ወረቀቱን ሳያሳይ አሳይቷል።

ከላይ ያነሣናት ካርድ እንግዲህ በሚከተለው መልክ ልትጻፍ ትችላለች፦ «የቅንጣት ቀለም ኅትመት፤ ብርሃን በታኝ ለስላሳ ገጽ ባለው፣ ንጣት ጨማሪ በሌለበት የጥጥ ወረቀት ላይ፤ 308 ግራም»። ከእንግሊዝኛው ሦስት ቃላት ረዝማለች። ካርዱ ጠባብ ነው ለሚሉ የዐውደ ርእይ አዘጋጆች «የቅንጣት ቀለም ኅትመት፣ በጥጥ ወረቀት» የምትለውን እንፈቅድላቸዋለን፤ ዝርዝሩ ግን በመዝገቡ ላይ ይስፈር። በአንጸባራቂውና በበታኙ መካከል ላሉት ገጾች፣ ማለትም «ሉስተር»፣ «ፐርል»፣ «ሳቲን» ለሚባሉት፣ እያንዳንዱ አምራች በየራሱ ልክ ስለሚጠቀምባቸው ለጊዜው አቻ ቃል አላበጀንም። እስከዚያው በአምራቹ ስም ሥር፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በድምፃቸው ይጻፉ።